መተማ ላይ የጠበቅሁት

የ2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር የዋለው ሚያዝያ 7 ቀን ነበር። በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊኮች ፋሲካን የምናከብረው ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጋር በአንድ ቀን ነውና ቤታችን እንደ ሰፈሩ ሁሉ በሽንኩርት ቁሌት ታውዷል። እናቴ ምድጃው ጋ ቆማ፣ እኔ ሬዲዮኑን እየነካካሁ ሳለን ካርቱም ውስጥ ውጊያ መከፈቱን ሰማን። እናቴ ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋድማ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ታናሽ ወንድሜ ካርቱም ነው። ከአራት ዓመት በፊት በመተማ በኩል ወጥቶ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር።

ደወልን። አይጠራም። በማግስቱም ደወልን። አይጠራም። የፋሲካው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

እናቴ ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ትንበረከካለች። ይህ ልጅ ሳለሁም የማውቀው ልማዷ ነው። የዚያን ሰሞን ግን ጸጥታዋ አበሳጨኝ። «ልጅሽ እሳት ውስጥ ነው፤ አንቺ ዶቃ ትቆጥሪያለሽ?» አልኳት። ከአፌ ካመለጡኝ ቃላት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እሷ ግን አልተቆጣችም። «መጨነቄን ተውሁ አልኩህ እንዴ? ከማን ጋር እንደምጨነቅ ነው የማውቀው» አለችኝ።

አልገባኝም። ሻንጣዬን ሸክፌ ወደ መተማ ወረድሁ።

«ወረድሁ» የምለው እንዲያው ለወጉ አይደለም። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጎንደር ደጋ ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል መተማ ዮሐንስ እስኪደርስ፣ መንገዱ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ተሳፋሪው መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን፣ በመጨረሻም ወሬውን ያወልቃል፤ ሙቀቱ አፍ ያስይዛል። አገሩ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ገንዘብ ፍለጋ መጥቶ አንዳንዴ ወባንና ካላዛርን ይዞ ይመለሳል። ቆላ ሲሰጥም ሲነሳም ሳያስጠነቅቅ ነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ታላቅ ሞት ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ እዚህ ቆሰሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ድሉ ወደ እሳቸው ሠራዊት አዘንብሎ ነበር ይባላል። የንጉሡ መቁሰል ሲሰማ ግን ሠራዊቱ ተፈታ። ጸሎተኛ ንጉሥ ነበሩ። ያ ጸሎት ግን ጥይቱን አልመለሰላቸውም። እዚያ ከተማ ተቀምጦ ወንድሙን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ሐሳብ አይደለም።

መተማን ከሱዳኗ ጋላባት የሚለያት አንድ ወንዝና ትንሽ ድልድይ ናቸው። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ከድልድዩ ማዶ ዓይኔን ተከልሁ። ሰዉ ይመጣል፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ባዶ እጁን የሆነ። ኢትዮጵያዊው፣ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሌላም ሌላም። የወንድሜን ፎቶግራፍ እያሳየሁ እጠይቃለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሌሊት ደግሞ በላብ በራሰ አልጋ ላይ ሆኜ ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ እገባለሁ፦ «እሱን አምጣልኝ እንጂ ሲጋራ አቆማለሁ፤ እናቴን አላስቀይምም፤ እሑድ አላስታጉልም።»

ያረፍሁበት ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ የኦርቶዶክስ እናት ነበሩ። ሌላም እንግዳ ነበረቻቸው፤ ልጇ ወርቅ ሊቆፍር ሱዳን የገባባት የጎጃም ሴት። ለገብርኤል ተስላለች። ሦስታችን ማታ ማታ ቡና ላይ እንገናኛለን።

በሰባተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንድ ሱዳናዊ ሁለት ልጆቹን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቤ ቆመ። «ሞያ» አለኝ። በሱዳን ዓረብኛ ውሃ ማለቱ ነው። እኔ ግን በትከሻው ላይ አሻግሬ የወንድሜን ፊት እፈልጋለሁ። ደግሞ «ሞያ» አለኝ። በእጄ «ወደዚያ» አልኩት። ከኋላዬ የቤቴ ባለቤት በጆግ ውሃ ይዘው መጡና ልጆቹን በተራ አጠጡ። ከዚያም ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ወንድምህም ዛሬ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ ውሃ እየለመነ ይሆናል» አሉኝ።

እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ። ጭንቀቴን ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ለካ ጭንቀቴ ዓይኔን አውሮት ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ጀሪካን መሸከም ያዝሁ። ወንድሜን መጠበቄን አልተውሁም። የምጠብቀው ግን እጄ ሥራ ይዞ ነው።

የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ በተስፋ ላይ የሚሠሩ ሁለት ኃጢአቶች አሉ ይላል። አንዱ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው ግን ድፍረት ነው፤ በራስ ኃይል አለልክ መመካት፣ ወይም የእግዚአብሔርን ምሕረት እንደ ተከፈለ ዕዳ መቁጠር። እኔ ቀን ቀን የመጀመሪያውን፣ ሌሊት ሌሊት ሁለተኛውን እሠራ ነበር። መታመን በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ መንገድ ናት፤ የምትለምነውን እየለመንህ መልሱን ለሰጪው መተው።

በዚያ ሰሞን ልጅ ሳለሁ የተማርሁት የአባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ ትዝ አለኝ። ጎጃም ተወልደው እውነትን ፍለጋ ብዙ የተንከራተቱ መነኩሴ ናቸው። የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው እ.ኤ.አ. በ1854 ጎንደር ላይ ታሠሩ። ወዳጃቸው አቡነ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም አብረዋቸው ታሥረው ነበር፤ እሳቸው ግን ከእሥር ወጥተው ከአገር ተባረሩ፤ በሕይወትም ቆዩ። አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት እንደ ተያዙ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1855 አረፉ። ሁለቱም ወደ አንድ አምላክ ጸለዩ። አንዱ ወጣ፤ አንዱ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለቱንም አከበረች፤ አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ ዮስጢኖስን በ1975 ቅዱስ ብላ። ከሞት ያመለጠውን ብቻ «የታመነ» አላለችም።

በዘጠነኛው ቀን የጎጃሟ ሴት መርዶ ደረሳት። ከልጇ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ መጥቶ ነገራት። ሌሊቱን አብረናት አደርን። የምላት ቃል አጣሁ፤ የቤቱ ባለቤትም ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡ እንጂ። ጠዋት ላይ፣ «ገብርኤልን ምን ትዪው ይሆን?» ብዬ በልቤ ሳስብ፣ እሷ ግን ስለቱን ለልጇ ነፍስ እንድታደርሰው ነገረችን።

ከሁለት ቀን በኋላ የእኔ ስልክ ጠራ። ወንድሜ ነው። በመተማ በኩል አልመጣም፤ ሌሎች ተከትሎ ፖርት ሱዳን ደርሷል። አለቀስሁ። ጮህሁ። ከዚያ የጎጃሟ ሴት ባዶ አልጋ ታየኝና ድምፄን ቀነስሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ «የእናቴ ጸሎት ተሰማ» ብዬ ልጨርስልህ እችል ነበር። ግን የዚያች ሴት ጸሎት ከእናቴ ጸሎት በምን አነሰ? ስለዚህ እንዲያ አልልም። ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኗል፤ ጽዋው አላለፈም። እናቴ ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ ከምትደግማቸው የኀዘን ምሥጢራት የመጀመሪያው ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዶቃ ስትቆጥር የኖረችው ከጨነቀው አምላክ ጋር ኖሯል።

አዲስ አበባ ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል። አንድም ሌሊት እንዳልተኛች ያኔ አየሁ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ «እህል ቀምሰሃል?» አለችኝ። ማታ መቁጠሪያዋን ስታወጣ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ወንድሜ ገና አገሩ አልገባም ነበር። የመጀመሪያውን ምሥጢር እኔ ጀመርሁ፤ ለዚያች ለጎጃሟ ሴት።