ፎሌ ላይ የተገኘው ማርሽ

ጨዋታ ሲነሳ «መኪና የለመድኩት በልጅነቴ፣ እንጭኒ ነው» እላለሁ። ለአውቶሞቢል እንኳ 18 ዓመት በሚጠየቅበት አገር በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከባድ መኪና የያዘ ልጅ ያስቃል፣ ያስደንቃልም። እንዴት እንደያዝኩት ግን ተናግሬ አላውቅም።

የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከሆለታ በእኛ ከተማ አልፎ ወደ ሙገር በሚወርደው መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ አይጠፋም ነበር። ለእኔ መኪና ማለት ግን ኤንትሬ ነው፤ ፊያት 682። መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ ሹፌሩ በተራራ መንገድ ሲያልፍ የገደሉን አፋፍ ቁልቁል እያየ እንዲሄድ ጣሊያኖቹ እንዲያ ሠሩት።

ከቤታችን ፊት ለፊት የሚያድር አንድ ኤንትሬ ነበር። ሹፌሩን ጋሼ ነው የምላቸው። ያስተማረኝ ግን እሳቸው አይደሉም፤ ማታ ማታ ጋቢና ውስጥ የሚተኛው ረዳታቸው ነው። እግሬ ስለማይደርስ ከወንበሩ ወርጄ፣ መሪውን አንቄ፣ በሁለት እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ እቆማለሁ። እሱ እጄን በእጁ ሸፍኖ ማርሹን ያስገባል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ደግሞ ነፃው፣ ፎሌ። ሞተር አናስነሳም፤ ድምፁን በአፋችን እናወጣለን። እሱ ከእኔ ይበልጥ ያሳምረው ነበር።

ያኔ ረዳትነት ትምህርት ቤት ነው። ታኮ ታደርጋለህ፣ ጎማ ትፈታለህ፣ ሸራ ታስራለህ፤ ደሞዙ ለስሙ ያህል ነው። ዋናው ክፍያ አንድ ቀን ሜዳ መንገድ ላይ ሹፌሩ «ና እስኪ ያዝ» ሲልህ ነው። ልጁ ያን ቀን ነበር የሚጠብቀው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ብቻዬን ወጣሁ። የኤንትሬው የእጅ ፍሬን ስለማይታመን ያን ቀን ዳገት ላይ የቆመው በማርሽና በታኮ ነበር። ፍሪሲዮኑ ላይ ቆሜ ማርሹን ወደ ፎሌ አወጣሁት። ምንም አልሆነም። ትንሽ ቆይቶ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ጎማው ታኮውን ጨፍልቆ አለፈ። ዘልዬ ወርጄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። መኪናው የቆመ ጋሪ ሰባብሮ፣ የአንድ ጠላ ቤት ግድግዳ ደርምሶ ቆመ። ፈረሱ ተፈትቶ ነበር፤ ባለ ጠላዋም ጓዳ ነበረች። እግዜር አተረፋቸው።

ጋሼ «በማርሽ ነው ያቆምኩት!» ብለው ማሉ። ማርሹ ግን ፎሌ ላይ ነው። ጋቢና የሚገባ ሌላ ማን አለ? ረዳቱን በጥፊ መቱት። ሰዉ መሃል ቆሜ ነበር፤ አየኝ። ስሜን አልጠራም። ቢጠራም እኔን ያስገባ እሱ ነውና ከጥፋት አይድንም ብዬ ለዓመታት ራሴን አጽናንቻለሁ። የጋሪውና የግድግዳው ማሠሪያ ከደሞዙ ተቆርጦ ተባረረ።

ማርሹን መነካካቴን ለልጅነቴ እተውለታለሁ። ዝም ማለቴንም ፍርሃት ነው ልበል። የማልተውለት ቀጥሎ የመጣውን ክረምት ነው። ጋሼ ረዳት አጥተው ነበርና ትምህርት ሲዘጋ አባቴን ጠየቁት። ለአባቴ «እሺ» ያልኩት ደስታዬን መደበቅ እያቃተኝ ነው። በተባረረው ረዳት ብርድ ልብስ ጋቢና ውስጥ ተኛሁ፣ ታኮ አደረግሁ፣ ሸራ አሰርኩ። ከሆለታ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ጋሼ መኪናውን አቁመው «ና እስኪ ያዝ» አሉኝ። የእሱን ቀን ወሰድኩበት። ሰው የሚስቅበት ጨዋታዬ ይኸው ነው።

በኋላ አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ልንጭን ሙገር ወርደን አገኘሁት። ጫኝና አውራጅ ሆኗል፤ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎውን ከረጢት በትከሻው ያመላልሳል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቷል። በጋቢናው መስኮት ቀና ብሎ «ለመድክ?» አለኝ። «ለመድኩ» አልኩት።

ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘሁም እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። መኪናውን የሚጭኑት እሱና ጓደኞቹ ነበሩ፤ እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ቀን እዚያው ቆመናል። ከጋቢና አልወረድኩም።