ሞያሌ ላይ የተጠየቅሁት ጸሎት



ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ የሚወርደው አስፋልት የሚያበቃው ሞያሌ ነው። ጉዞው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጌዴኦን ቡናና እንሰት አልፋችሁ ቦረና ስትገቡ አገሩ ይደርቃል፤ ከመንገዱ ዳርና ዳር ረጃጅም የምስጥ ኩይሳና የግመል መንጋ ታያላችሁ። ለአገልግሎት ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ።

ስሟ በኢትዮጵያም በኬንያም ሞያሌ ነው። በዚህኛው ወገን መኪና በቀኝ ይነዳል፤ ኬላውን ሲያልፍ በግራ። ገበያው ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይሰማል። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በ1900 ዓ.ም. የተስማሙበት ድንበር የቦረናን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎታል፤ ዝምድናው ግን አልተቆረጠም። በእንግድነት የተቀበሉኝ እናት እህታቸው የተዳረችው በኬንያ በኩል ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ይጠራራሉ።

ለእነርሱ ሞያሌ ቤታቸው ናት። ለሌሎች ግን መውጫ በር ናት። ከሐዲያና ከከምባታ፣ ብዙዎቻችን ወንጌል ከሰማንበት አካባቢ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆች በዚህ ያልፋሉ። በሦስተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ስጠጣ አንድ ልጅ መጽሐፍ ቅዱሴን አይቶ ቀረበኝ። ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። የያዘው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መንገዴን እግዚአብሔር እንዲባርክልኝ ይጸልዩልኝ» አለኝ።

«እናትህ ታውቃለች?» አልኩት።

«ስደርስ እነግራታለሁ።»

ስለ ነፍሱ ጸለይሁ። ደላላው የሚወስደውን መንገድ ግን «ባርክ» ማለት አልቻልሁም፤ ይህንንም ነገርኩት። ከዚያ ስልኬን ሰጠሁት። ደወለ። ከወዲያ በኩል ልቅሶ ሰማሁ፤ እሱም ዝም ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ስፈልገው አላገኘሁትም። ይመለስ ይሻገር አላውቅም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በየጉባኤያችን የደረሰው ልጅ ቤት ሲያሠራ ምስክርነት ይሰጣል፤ እልልታ ይሆናል። ያልደረሰውስ? የእሱ እናት መድረክ ላይ አትወጣም።

በዘፍጥረት 16 አጋር ወደ በረሃ ስትሸሽ የእግዚአብሔር መልአክ በመንገድ ላይ አገኛት። በመጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው፦ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ። አልወቀሳትም፤ የሸሸችበትን ምክንያት ሰማት። ከዚህ በኋላ ነው እርሷም የሚያያት አምላክ እንዳለ የመሰከረችው።

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ሞያሌ ላይ ሲጠየቅ ይዘገያል። ልጁ መሬት ተሽጦለት፣ ለደላላ ተከፍሎለት፣ ልቡ ተሻግሯል። በመዘምራን መካከል ሳለ፣ ፈተና ወድቆ ቤት የዋለ ዕለት ነው መጠየቅ የነበረበት። በዚህ ሳምንት በጉባኤያችሁ አንድ ወጣት ፈልጉ። ሻይ ጋብዙት። ወዴት ለመሄድ እያሰበ እንደሆነ ጠይቁት፤ ሳትቆጡም እስኪጨርስ ስሙት።