ያረጀ ብር መርማሪ

ሰው ከሥራው የምትተርፈውን ጥቂት ሰዓት የሚያሳልፍበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ንብ ያነባል፤ ሌላው የጓሮ አትክልት ይኮተኩታል፤ እኔ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ለሚያህል ጊዜ አሮጌ ገንዘብ ስሰበስብ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ይህን ልማዴን «ጾም የማያስገድፍ፥ ኪስ ግን የሚያራቁት ሱስ» ትለዋለች፤ ፍርዷም ከእውነት የራቀ አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በዲቁና በማገለግልበት ዘመን ነው። ከበዓል በኋላ ሙዳየ ምጽዋቱ ተከፍቶ ገንዘቡ ሲቈጠር፥ በሳንቲሞቹ መካከል ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመ አንዲት የመዳብ ስሙኒ ተገኘች። ቄሰ ገበዙ «ይህች ከገበያ ከወጣች ቈይታለች፤ ጧፍ አትገዛም» ብለው ሰጡኝ። በላይዋ 1936 ዓ.ም. የሚል ተጽፎባታል። ኋላ እንደ ተማርሁት ግን ይህ ቍጥር ጀማሪውን ያሳስታል፤ የዚያ ዘመን ሳንቲሞች በኋለኞቹ ዓመታት ሲታተሙም ቀኑ ሳይለወጥ እንደ ሆነ ቀርቷልና። ጠርዟም የተከረከመው ለጌጥ አልነበረም፤ አስቀድሞ የወጣው ክቡ ስሙኒ በመጠን ከብሩ ኀምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ስለ ነበር፥ እንዳይምታታ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በአንዲት ስሙኒ ጠርዝ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ያን ጊዜ አስደነቀኝ፤ እስከ ዛሬም ያስደንቀኛል።

መሰብሰብ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መርምሮ ደረጃ መስጠት ነው። በአሜሪካ ዊልያም ሼልደን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ደረጃውን ከ1 እስከ 70 ከፈለው፤ 1 ማንነቱ በጭንቅ የሚታወቅ፥ 70 እንከን የሌለበት ማለት ነው፤ ከ60 በላይ ያለውም በገበያ ያልዞረ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ዕውቀት ከውጭ ብቻ የመጣ አድርገን ልናየው አይገባንም። አያቶቻችን ማርትሬዛ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ዘጠኙን ዕንቍ ይቈጥሩ ነበር፤ ዕንቍው ተፍቆ ከጠፋ ብሩን አይወስዱም። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፥ በስሟና በዚያው ዓመተ ምሕረት የተቀረጸው ብር በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፥ በለንደን፥ በፓሪስና በቦምባይ ጭምር ሲታተም ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ አሳትመው ቢያስመጡም፥ ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፥ ገበሬው ግን የለመዳትን ሴትዮ አልተወም። ዕንቍ ቈጣሪ ሕዝብ በቀላሉ አይታለልም።

የመርማሪው መንገድ እንዲህ ነው። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይይዛል፤ የጣት ላብ ፊቱን ያበላሻልና። ከዚያ በአንድ ወገን ከሚመጣ ብርሃን ሥር ዘንበል እያደረገ በአጉሊ መነጽር ያያል። መፋቅ የሚጀምረው ከፍ ብሎ ከተቀረጸው ስፍራ ነው፤ በምኒልክ ብር ላይ የዘውዱን ጌጥና የአንበሳውን ጋማ መመልከት ይገባል። ጥቍረቱን ግን መንካት የለበትም። ብር በዘመን ብዛት የሚለብሰው ያ ጠቈር ያለ ቀለም እድፍ ሳይሆን ልብሱ ነው።

ይህን የተማርሁት በውድ ዋጋ ነው። አባቴ ሲያርፍ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ወረስሁ። ለአርባው ተዝካር ዘመድ ሲሰበሰብ አሳይ ዘንድ፥ በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስተዋት አበራሁት። ዘመዶቼም አደነቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ዐዋቂ ሰው በመነጽር አይቶ፥ «ማን ነው ይህን የገፈፈው?» አለኝ። ፊቱ ሁሉ በቀጭን ጭረት ተሞልቶ ነበር። እንዲህ የታጠበ ገንዘብ ቅርጹ ምንም ያህል ቢያምር ሙሉ ደረጃ አይሰጠውም። አባቴ ሠላሳ ዓመት በጨርቅ ጠቅልሎ የጠበቀውን እኔ በአንድ ጧት አጠፋሁት።

የአክሱምን ነገሥታት ገንዘብ ግን አልሰበስብም። በኢዛና ሳንቲም ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል የተተካበትን በሙዚየም አይቻለሁ፤ ያ ይበቃኛል። ተማሪዎቼ ከእርሻ አገኘን ብለው ቢያመጡልኝ ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤት እልካቸዋለሁ፤ ሕጉም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ያሉ አንዲት አሮጊት፥ ባል የሞተባቸው፥ አንድ ቀን በመሐረብ የቋጠሩትን ብር ይዘው መጡ። «መምህር ልጄ፥ የቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምቱም ደርሷል። ይህን ሽጬ ቆርቆሮ ልግዛ፤ አንተ ታውቃለህና ዋጋውን ንገረኝ» አሉኝ። ፈትቼ ባየው የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ነው፤ ያውም ከኋለኞቹ ይልቅ በጥቂቱ የታተመው። ማንም አላጠበውም። የአንበሳው ጋማ ጠጕር በጠጕር ይቈጠራል።

«እማማ፥ ትንሽ ተፍቋል፤ ጠቍሯልም» አልሁ። ዋጋም ጠራሁላቸው፤ ለገዢው ለእኔ የሚስማማ ዋጋ። እርሳቸውም «ነገ ልመልስልህ» ብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የራሴን ሳንቲሞች ስመረምር ዓይኔ ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ደረጃ እንደሚያይ፥ የምመኘውን የሰው ሳንቲም ስመረምር ግን ጭረቱን እንደሚፈልግ ያወቅሁት በዚያ ሌሊት ነው። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ፥ «እማማ፥ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ፤ ብሩ አልተፋቀም፤ ዋጋውም ከነገርኋችሁ ብዙ እጥፍ ይበልጣል» አልሁ።

እርሳቸው ቡና እየቆሉ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። «አውቄዋለሁ» አሉ። «መነጽርህን ሁለት ጊዜ ስትወለውል አይቼ ነበር፤ ለማይረባ ነገር ሰው መነጽር ሁለት ጊዜ አይወለውልም። ቁጭ በል፥ ቡና ጠጣ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አብረን አዲስ አበባ ሄድን፤ ከነጋዴው ጋር የተከራከርሁላቸውም እኔ ነበርሁ። ነጋዴው «ተፍቋል» ሲል የጋማውን ጠጕር በመነጽር አሳየሁት፤ «ጠቍሯል» ሲልም ያልታጠበ መሆኑን አስረዳሁት። በአገባብ ሲከፍል ልቤ እያዘነ ተመለስሁ፤ ይህን ያህል ገንዘብ እኔ ልከፍል አልችልምና። ቆርቆሮው ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ተመታ። ለእኔ የቀረችልኝ፥ ልጄ ብሩ ከመሸጡ አስቀድሞ በስልኳ ያነሣችልኝ ፎቶግራፍ ናት፤ አሳትሜ፥ አባቴ ከተወልኝ ከዚያ ከሚያበራው ብር አጠገብ አስቀምጫታለሁ።