በጥቢ ወራት እሸት ለመብላት ወደ ቢሾፍቱ ስለ መውጣት

በቤታቸው ልጆች ላሏቸው አንባቢዎቻችን፥ በዚህ ወራት በቀላሉ ስለሚገኘው መብልና ከቤተ ሰብ ጋራ ስለሚደረገው ሽርሽር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን።

በአገራችን አቈጣጠር መፀው፥ ሕዝቡም ጥቢ የሚለው፥ መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል። በነዚህ ሦስት ወራት ምድር የምታበላን በየተራው ነው። አስቀድሞ የበቆሎው እሸት ያልቃል፤ በጥቅምት ደጋው የባቄላና የአተር እሸት ይሰጣል፤ አደይ አበባ ከረገፈም በኋላ አዲሱ ማር ይቈረጣል፤ በኅዳር ጤፉ ይታጨዳል። በመጨረሻም ብርዱ ሲጠና በጥቁሩ መሬት ላይ የሽምብራ እሸት ይደርሳል። ለልጆች ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ይህ የኋለኛው ይመስለናል፤ ድስትም ምጣድም አይሻምና።

ሽምብራ የዝናም ወዳጅ አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወይም ከወጣ በኋላ ተዘርቶ፥ ጥቁሩ መሬት በሆዱ ባስቀረው እርጥበት ያድጋል። ቅጠሉ ኮምጣጣ ላብ ስለሚያወጣ፥ የነቀለ ሰው ጣቱን ቢልስ ጨውና ሎሚ የቀመሰ ይመስለዋል። በያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ መግቢያ፥ በአንድ እሑድ፥ እናታችንንና ባለቤታችንን ሁለቱንም ልጆቻችንን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ወጣን። ከአዲስ አበባ እስከዚያ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲሱ ፈጣን መንገድ ቢኖርም እኛ በአሮጌው፥ በአቃቂና በዱከም በኩል ሄድን፤ በአዲሱ መንገድ ላይ እሸት ለመግዛት መቆም አይቻልምና። ስንቃችን ዳቦ፥ በማር የታሸ በሶና በፔርሙዝ የተቀዳ ቡና ብቻ ነበረ። ወጥ እንድንይዝ የመከረን ዘመድ ነበረ፤ ባለቤታችን ግን «ለሽርሽር ወጥቼ ወጥ ሳሞቅ ከምውል ከቤቴ ብቀር ይሻለኛል» አለች፤ እውነትዋን ነው።

ከዱከም አልፈን ስንሄድ በስተ ሰሜን የረር፥ በስተ ደቡብ ደግሞ በራሱ ላይ ሐይቅና ገዳም ያለበት ዝቋላ በጥሩ ብርሃን ታዩ። በየአውድማው በሬዎች ጤፍ ያበራዩ ነበር። ከመንገዱ ዳር ለምለም የሽምብራ ማሳ ባየን ጊዜ መኪናውን አቁመን ወረድን። ለልጆቻችንም «ለመንገደኛ እሸት አይከለከልም፤ የአባቶች ልማድ ነው» ብለን እያስተማርን ሁለት ሦስት እግር ነቀልን።

ትምህርታችንም ወዲያው ፍሬ አፈራ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ሹራቡን አውልቆ እጅጌውን ቋጠረና እስኪሞላ ድረስ ይለቅም ጀመር። እኛም አይተን ሣቅን እንጂ አልከለከልነውም።

ጥቂት ቆይቶ የማሳው ባለቤት መጣ። አልጮኸም። አስቀድሞ ለእናታችን እጅ ነሣ፤ እርሳቸውም ኦሮምኛ አሳምረው ስለሚያውቁ በዚያው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ። ቃሉን ሲተረጕሙልን እንዲህ ነበረ፤ «ቆሞ የሚበላውን ሰው አልከለክልም። ነገር ግን በእሑድ ቀን መኪና የማይቆምበት ሰዓት የለም። ከመንገዱ እስከዚያች ግራር ድረስ ያለውን ዘንድሮ አላጭደውም፤ የሚታጨድ የለበትምና።» ዘወር ብለን ብናይ እንዳለው ነው። ለምለም ሆኖ የታየን መካከሉ ኖሯል፤ ዳሩ ተነቅሎ ባዶ መሬት ሆኗል።

ወዲያው እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ሰውዬው ግን ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ «ጌታዬ፥ አስቀድመው ቢጠይቁኝ ከመካከሉ ጥሩ ጥሩውን ነቅዬ እሰጥዎ ነበር» አለን። እኛ ሥራችን በፍርድ ቤት መጻፍ ነው። «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፍነው አናውቀውም፤ በዚያ ሰዓት ግን ለራሳችን የሚሆን መልስ አጣን። ልጃችንም ሹራቡን እንዳቀፈ «አባባ፥ እኔ የለቀምሁትን ልመልስለት፤ እርስዎ የበሉትስ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀን።

ያዳኑን እናታችን ናቸው። ልጁን እጁን ይዘው ወደ ሰውዬው ወሰዱትና ሹራቡን በፊቱ አስፈትተው ይቅርታ አስጠየቁት፤ ከዚያም ለተበላውም ለሚበላውም ዋጋውን ተነጋግረው በእኛ ገንዘብ ከፈሉ። ሰውዬውም እንዳለው ከመካከሉ አንድ ትልቅ እስር ነቅሎ አመጣልን፤ ልጆቹም ከአውድማው ደረቅ ጭድ ተሸክመው መጡ።

አጠባበሱ እንዲህ ነው። ጭዱን ዘርግቶ እሸቱን ከነግንዱ በላዩ ማንጠፍና እሳት መለኰስ፤ ከረጢቱ እስኪጠቍር ድረስ በእንጨት ማገላበጥ፤ እሳቱ ሲበርድ በመዳፍ አሽቶ እፍ ማለት። ፍሬው ከውስጥ አረንጓዴ እንደ ሆነ መቅረት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ቆሎ መሆኑ ነው። አፍና እጅ ይጠቍራልና ውሃ መያዝ አይረሳ። በዚያው ጥቁር መሬት ጓያም ይዘራልና፥ የማያውቅ ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ለልጅ አይስጥ፤ ጓያን ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ያደረገ ሰው እግሩ ሽባ እንደሚሆን የታወቀ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ሆራ ሐይቅ ሄደን በዳሩ ተቀመጥን። ይህና በአካባቢው ያሉት ሌሎች ሐይቆች ጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጕድጓድ የተጠራቀሙ መሆናቸውን ለልጆቹ ልንነግራቸው ጀምረን ነበር። ልጃችን ግን አሳቡ ከማሳው ዳር አልተመለሰም። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ «በአንድ ከረጢት ሁለት ፍሬ ቢኖር፥ አንድ ኩንታል የሚሞላው በስንት ከረጢት ነው?» አለን። አንድ እፍኝ ቈጥረን በዚያ እያባዛን ሂሳቡን ጀመርነው፤ አቃቂ ስንደርስ ገና አልጨረስንም ነበር።