በጨለማ የሚያበራ ማንኪያ

ሸዋሮቢት በዚህ ሙቀት ማን ይተኛል? እኔ ማታ ማታ ዓሳ ማታለያ እሠራለሁ። የአሮጌ ማንኪያ እጀታ ቆርጬ፣ ጎድጓዳውን ጫፍና ጫፉን በምስማር በስቼ፣ ባንዱ የናይለን ክር፣ በሌላው መንጠቆ። ችግሩ ቀለሙ ላይ ነው።

የሚያበራ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አይደለም። አንደኛው እንደሚያበራው ሙስበሃ ነው፤ አምፖል ሥር ብርሃን ይጠግብና ጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ይተፋዋል። ሁለተኛው አልትራቫዮሌት ጨረር እስካረፈበት ድረስ ብቻ ይደምቃል። ባለሱቁን የብር መፈተሻ መብራቱን ለምኜ ማንኪያውን የምቀባባቸውን የጥፍር ቀለሞች አየሁበት፦ ሮዙ ቦግ አለ፣ ደማቅ የመሰለኝ ቀዩ ጭራሽ ሞተ። ግን ሮዙም ቢሆን ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ምን ያደርግልኛል?

የአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ ከንጋት በፊት ሳልመን የሚያጠምዱ ሰዎች አንደኛውን ዓይነት ይወዱታል፤ ውኃው ጥልቅና ጥርት ያለ ነው። የኛ ሮቢና ጀውሃ ወንዞች ግን ወደ አዋሽ ሲወርዱ፣ በተለይ ክረምት፣ ጭቃ ናቸው። ድፍርስ ውኃ ደግሞ አልትራቫዮሌትን ገና ከላዩ ውጦ ያስቀረዋል። አምባዛም ቢሆን ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ሌሊት የሚያድነው እያሸተተና በጢሙ እየዳበሰ ነው። ለሱ ቀለም መቀባት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የኔ መዝናኛ ነው።

ለማንኪያ ቢልጫ የሚባለው ዓሳ ይሻላል፤ ትንንሽ ዓሳ ያሳድዳል። ሮዟን ማንኪያ ውኃው ለሚጠራበት ለበጋ ጠዋት አስቀምጫታለሁ። እስከዚያ አምባዛ የፈለገ ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ ቁራጭ ጉበት ይለምን።