በሐኪም ጋራ የተማርሁት ኬሚስትሪ



ስለ መዓዛማ ዕፅዋት ዘይት እንድጽፍ ከክበባችን በታዘዝሁ ጊዜ፥ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ አሰማምሬ ማቅረብ እችል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ባደርግ የእውነቱን ግማሽ መደበቅ ይሆንብኛል። እኔ ይህን ትምህርት በሚገባ የተማርሁት በታናሽ እኅቴ ክንድ ላይ ካደረስሁት ጉዳት ነውና፥ ቢያሳፍረኝም ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

ሐረርን ያየ ሰው ሁሉ ሐኪም ጋራን ያውቀዋል። ከጀጎል ግንብ በስተደቡብ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ይመለከታታል። ስያሜው የሐረር ሰዎች አው ሐኪም እያሉ ከሚያከብሯቸው አባት ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ግን ሕፃን ሳለሁ፥ በላዩ ስለሚበቅለው መድኃኒት «ሐኪም» የተባለ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ከጋራው ግርጌ ጥቂት የአትክልት ቦታ አለው። በካቡ ሥር ጤና አዳምና በሶብላ ተተክሎበታል፤ ከበላዩም ባሕር ዛፍ አለ። እሑድ እሑድ በቡዳ በር ወጥተን ወደዚያ መሄድ የቤታችን ልማድ ነው።

በዚህ ዓመት በጥቅምት ወር ከዚያው ስፍራ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጆንያ ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤት አመጣሁና፥ በኬሚስትሪ መምህራችን መሪነት ዘይቱን አወጣን። አሠራሩ አረቄ እንደ ማውጣት ያለ ነው። ቅጠሉና ውሃው በድስት ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ይጠነክርና ወደ ብርጭቆ ይንጠባጠባል። ከዚያም ዘይቱ ከውሃው በላይ እንደ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። ይህ ዘይት እንደ ኑግ ዘይት አይደለም፤ በወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቢጣል መዓዛውን እየሰጠ በኖ ይጠፋል እንጂ የቅባት ምልክት አይተውም።

በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሲኒኦል የሚባል ውሑድ ነው፤ እርሱም ለብቻው ሲሆን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ውሃ እንኳ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል። ታዲያ ሲኒኦል በዚህ አነስተኛ ሙቀት እንዴት ሊወጣ ቻለ? መምህራችን እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ ውሃና ዘይት ስለማይዋሐዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የእንፋሎት ግፊት ይሰጣሉ፤ የሁለቱ ግፊት ተደምሮ ከአየሩ ግፊት ጋር በተስተካከለ ጊዜ ድብልቁ ይፈላል። ስለዚህ ውሃው ዘይቱን እንደ ጓደኛ እየያዘው ይወጣል ማለት ነው።

ያን ዕለት ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርሁት። በማግሥቱ በቤተ መጻሕፍት ስለ ጤና አዳም አነበብሁ። በዘይቱ ውስጥ የሚበዙት አንዴካኖንና ኖናኖን የሚባሉ ውሑዶች እንደ ሆኑ አገኘሁ። አንዴካኖን 11 የካርቦን፥ 22 የሃይድሮጅንና 1 የኦክሲጅን አተሞች አሉት። ከዚህም በላይ ትንኝንና ሌሎችን ነፍሳት የሚያርቅ ነው ይላል። ይህን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝና ቀጣዩን ገጽ ሳልገልጥ መጽሐፉን ከደንሁ።

እሑድ ሆነ። እኅቴ የ7 ዓመት ልጅ ናት፤ በአጎቴ ቦታ በመስኖው አጠገብ ትንኝ እየነከሳት ዘወትር ታለቅስ ነበር። ከጤና አዳሙ ሁለት እፍኝ ቀጥፌ በድንጋይ ወቀጥሁት፥ አረንጓዴውንም ጭማቂ በእጄ እየዛቅሁ ክንዷንና አንገቷን ቀባኋት። አያቴ ከጥላው ሥር ቡና ታፈላ ነበር። አየችኝና፦

«ልጄ፥ ማን እንዲህ ሲያደርግ አይተህ ነው?» አለችኝ።

«እማማ፥ በመጽሐፍ አንብቤ ነው» አልኋት።

ዝም አለች። እርሷ ጤና አዳምን የምታውቀው ከሲኒው ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ጣል በማድረግ፥ ወይም ሆዱን የቆረጠውን ሰው ጥቂት በማሽተት ነው። እኔ በልቤ «አያቴ ኬሚስትሪ ምን ታውቃለች!» አልሁ። ከዚያም እኅቴን ይዤ ወደ ጋራው ወጣሁ፤ ሰማዩ የጠራ፥ ፀሐዩም የበረታ ነበር። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስንጫወት ዋልን።

ሰኞ ክንዷ ቀላ። ማክሰኞ ማለዳ ግን እያለቀሰች ነቃች። ክንዷና አንገቷ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ያህል ውሃ ቋጥሮ አብጦ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዷ «ቡዳ ነው» አለች፥ ሌላዋ «ምድጃ ላይ ወድቃ ይሆናል» አለች። እናቴ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ እኔም ተከተልሁ።

ነርሷ ክንዷን አገላብጣ ካየች በኋላ ፊቷን አጠቆረች። ቁስሉ የሰው ጣት ቅርጽ ነበረው፤ አራት ጣት ጎን ለጎን ተጋድሞ በግልጽ ይታይ ነበር። ወደ እናቴም ዞራ፦

«ይህችን ልጅ ማን ነው ያቃጠላት? እውነቱን ይንገሩኝ» አለቻት።

እናቴ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበራትም። «እኔ አላውቅም፥ ጌታን!» እያለች ስትምል እንባዋ ወረደ። እነዚያ ጣቶች የእኔ ጣቶች መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው። አንባብያን ሆይ፤ መናገር ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ምላሴ ተሳሰረ። ሊቅ ነኝ ያለ ሰው እናቱ ስትወቀስ ግድግዳ ተደግፎ ዝም አለ። የተናገረችው ያችው ሕፃን ናት፦

«ወንድም ጋሼ ነው ትንኝ እንዳይነክሰኝ በቅጠል የቀባኝ፤ እማዬን አትቆጧት» አለች።

ነርሷ «ምን ቅጠል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ፊቷ ፈታ አለና፥ ሎሚ እየጨመቁ በፀሐይ በዋሉ ሰዎች እጅ ላይም እንዲህ ያለ ቁስል አይታ እንደምታውቅ ነገረችን። ቁስሉን አጥባ ቀባችው፥ በፋሻ ሸፈነችው፥ ለጥቂት ሳምንታትም ከፀሐይ እንድትጠበቅ አዘዘች። እናቴን ግን ይቅርታ የጠየቅሁት ማታ ነው። «ከቁስሉ ይልቅ ዝምታህ አመመኝ» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግሥቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሼ ያልገለጥሁትን ገጽ ገለጥሁት። ጤና አዳም ከተናኙ ዘይት ሌላ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሑዶች አሉት። እነዚህ ሽታቸው የማይታወቅ፥ ከእንፋሎትም ጋር በአብዛኛው የማይወጡ፥ በቅጠሉ ጭማቂ ውስጥ የሚቀሩ ናቸው። በጨለማ ቆዳን አይጎዱም። ነገር ግን ከፀሐይ የሚመጣው፥ ዐይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ከሕዋሳችን ዲኤንኤ ጋር ይጣበቁና ቆዳውን ያቃጥሉታል። ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይታያል። ሎሚም ከዚሁ ወገን ያለ ውሑድ አለው። እንግዲህ እኔ ስለ ዘይቱ አንብቤ ጭማቂውን ቀባሁ፤ ሁለቱ አንድ መስለውኝ ነበር። ዘይቱም ራሱ ቢሆን ከዚህ ጠባይ ፈጽሞ ነጻ ስላልሆነ ሳይቀጥን በቆዳ ላይ አይደፈርም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ደግሞ ይህ ነው። እኅቴን ያቃጠላት ነገር በልኩ ሲሆን ለሰው መድኃኒት ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት ግብጻዊው ሐኪም አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ፥ ከአገራቸው ተክል የተገኘ ከዚሁ ወገን የሆነ ውሑድ ለለምጽ ሕክምና አዋሉት። ከ1970ዎቹ ጀምሮም ተመሳሳዩ መድኃኒት በሐኪም ከተለካ ጨረር ጋር ለቆዳ በሽታ ይሰጥ ጀመር። ነገሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና የሚመጥነው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የሚሸተውን ሁሉ በዚህ ዐይን መመርመር ጀመርሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ፥ ቅጠሉ ተፍልቶ እንፋሎቱ ቢታጠኑት የታፈነ አፍንጫን ያቀላል፤ የተጠራቀመው ዘይቱ ግን ሕፃን ጥቂት ሚሊ ሊትር ቢውጠው ሊያንቀጠቅጠውና ነፍሱን ሊያሠጋ ይችላል። የደጋው ጦስኝ በአንዱ ስፍራ ታይሞል፥ በሌላው ስፍራ ካርቫክሮል ይበዛበታል፤ ሁለቱም የባክቴሪያን ሽፋን የሚያፈርሱ ናቸው። በሸዋ በር ገበያ አያቴ የምትገዛው ከርቤም አለ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የጣልያን አገር የፍሎረንስ ተመራማሪዎች ከከርቤ ያገኟቸው ሁለት ውሑዶች በአይጦች ላይ ሕመም እንደሚያስታግሡ ገልጸዋል። ዕጣን ስንልም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዘይቱ አንድ አይደለም፤ ከመተማና ከትግራይ በኩል የሚመጣው ኦክቲል አሲቴት ሲበዛበት፥ በምሥራቅ በኩል ያሉት ዛፎች ዕጣን ደግሞ ፓይኒንና መሰሎቹ ይበዙበታል። ጤና አዳምንም ቢሆን እርጉዝ ሴት አብዝታ ልትጠጣው አይገባም፤ ይህን አያቴ ያለ ምንም መጽሐፍ ታውቀው ኖሯል።

እንግዲህ የአያቴ ዕውቀት ብዙ ዘመን ከማየት የመጣ ነው፤ የኬሚስትሪ ዕውቀት ለያይቶ ከመመዘን የመጣ ነው። እኔ ግን የአያቴን ንቄ የኬሚስትሪውን ደግሞ ከግማሽ ሳላልፍ፥ በሁለቱ መካከል ወደቅሁ። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእኔ ዐይነቱ ነው። በአገራችን እንደ ወንዶ ገነት ባሉ የምርምር ማዕከሎች መዓዛማ ዕፅዋት በጥንቃቄ እየተጠኑ ነው። እኔም ትምህርቴን ስጨርስ ከዚህ ሥራ ድርሻ ቢኖረኝ ምኞቴ ነው።

የእኅቴ ቁስል በሁለት ሳምንት ደረቀ፤ ጥቁሩ የጣት ምልክት ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ አልጠፋም ነበር። ምሳ ስንበላ ክንዷን በዘረጋች ቁጥር የእኔን እጅ አየው ነበር። አሁን ቆዳዋ ጠርቷል፤ እርሷም ረስታዋለች። ባለፈው እሑድ ወደ ጋራው ስንወጣ ከካቡ ሥር አንድ ቅጠል ቀጥፋ አሸተተችና «ወንድም ጋሼ፥ ይህ ያቃጥላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመመለሴ በፊት ወደ አያቴ ዞሬ «እማማ፥ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልሁ።