ጥላችንን የከበበው ብርሃን

ቀስተ ደመናን የማያውቅ ሰው የለም። ዝናቡ ሳያባራ ፀሐይ ብቅ ስትል ልጆች እየተጠራሩ ይወጣሉ፤ ትልልቆችም ሥራቸውን ገታ አድርገው ቀና ይላሉ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ቀስተ ደመና ዘመድ ነው። ይህኛው በየክረምቱ አይገኝም፤ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ሳያየው ይኖራል። ያየው ሰው ደግሞ በቀላሉ አይረሳውም፤ ምክንያቱም ብርሃኑ የሚታየው በገዛ ጥላው ጭንቅላት ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ዝቅ ብላለች፤ ከፊታችሁ ያለውን ሸለቆ ጉም ሞልቶታል። ጥላችሁ ጉሙ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ በጥላው ጭንቅላት ዙሪያ የቀለም ቀለበቶች ይታያሉ፤ ወደ ውስጥ ሰማያዊ፣ ወደ ውጭ ቀይ፤ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው። ሳይንሱ ይህን «ግሎሪ» ይለዋል፤ በእኛ ቋንቋ «ክብር» ማለት ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰውም ፀሐይ በሌለችበት በኩል መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ፣ ከታች ደመናው ላይ በአውሮፕላኑ ጥላ ዙሪያ ሊያየው ይችላል።

ጉም ማለት እጅግ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ስብስብ ነው። የፀሐይ ብርሃን እነዚህን ጠብታዎች ሲያገኝ ከፊሉ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ብርሃን እንደ ሞገድ ስለሚጓዝ፣ ከአንዲት ጠብታ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ሲገናኙ አንዱን ቀለም ያጎሉታል፣ ሌላውን ያደበዝዙታል። ቀለበቶቹ የሚገኙት ከዚህ ነው። ጠብታዎቹ ባነሱ ቁጥር ቀለበቱ ይሰፋል። ቀስተ ደመና ግን የሚሠራው በትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች ነው፤ ከጥላችን ጭንቅላትም 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ይታያል። ግሎሪ እንዲህ አይርቅም፤ ጥላችንን ተጠግቶ ይከብባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ራቅ ራቅ ብለው ቢቆሙ፣ እያንዳንዱ ቀለበቱን የሚያየው በራሱ ጥላ ላይ እንጂ በጓደኛው ጥላ ላይ አይደለም። ለእናንተ፣ እናንተ አክሊል ደፍታችኋል፤ የጓደኛችሁ ጥላ ግን እንዲሁ ጥላ ነው። ለጓደኛችሁ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣት ኅብረታችንን ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ ሄደን ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር አካባቢ፣ «የምኒልክ መስኮት» የሚባል ቦታ አለ። ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች። ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ እግራችን ሲቃረብ ጥላችን በላዩ ተዘረጋ። ከወጣቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ደርቆ ቀረ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጌታ ተናገረኝ» አለኝ። የኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ የሙሉ ጊዜ አገልግሎት ለመግባት ሲያስብ ቆይቷል፤ በዚያው ሳምንት ምልክት እንዲሰጠው እየጸለየ ነበር። «በራሴ ላይ ብርሃን አየሁ። በሌሎቹ ላይ ግን አልነበረም፤ ደጋግሜ አይቻለሁ» አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ደስታውን ልነጥቀው አልፈለግሁም። እግዚአብሔር ከሰው ጋር በብዙ መንገድ እንደሚነጋገር አምናለሁ። እናቱንም ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ ጉልት ተቀምጠው ነው እዚያ ያደረሱት። አንድ ቃል ብቻ ብናገር ወዲህም ወዲያም ሊያጋድል ይችላል። ስለዚህ ጠየቅሁት፤ «ለአንተ ቅርብ ቆሞ የነበረው ማን ነው?» ከዘማሪዎቹ አንዷን ጠቆመኝ። «እስቲ እሷ ምን እንዳየች ጠይቃት» አልሁት።

ሄዶ አነጋገራት። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል። «እሷም በራሷ ላይ ነው ያየችው። በእኔ ላይ ምንም አላየችም» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ታዲያ ምልክት አልነበረም ማለት ነው?» አለኝ።

ለጥያቄው የሰጠሁትን መልስ ከመናገሬ በፊት፣ ከእርሱ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ብርሃን ያዩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊ ወርቅ አንጥረኛና ቀራፂ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ነው። ሮም ታስሮ ሳለ ራእይ እንዳየ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮም በራሱ ላይ ብርሃን እንዳረፈ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ብርሃኑን የሚያየው ጠዋት ጠዋት፣ በጥላው ላይ፣ ይልቁንም ሣሩ ጤዛ ባዘለ ጊዜ ነበር። የቼሊኒ ብርሃን የግሎሪ ታናሽ ወንድም ነው ማለት እንችላለን። ቀለም የለውም፤ ነጭ ነው። እያንዳንዷ የጤዛ ጠብታ እንደ ሌንስ ሆና ብርሃኑን ቅጠሉ ላይ ታሰባስበውና ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። ቼሊኒ ብርሃኑን ለጥቂት ሰዎች እንዳሳየ ይናገራል። እነዚያ ሰዎች ዘወር ብለው የየራሳቸውን ጥላ እንዲያዩ ጠይቋቸው ቢሆን ኖሮ የሚጽፈው ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። እርሱ ግን የራሱን ብቻ አየ፤ ከሌላው ተለይቼ ተመርጫለሁ ብሎም ደመደመ።

ሁለተኞቹ ፈረንሳዊው ፒዬር ቡጌርና ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ኡሎአ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1735 ከአውሮፓ የተነሣውና የምድርን ቅርጽ ለመለካት የተላከው ቡድን አባላት ነበሩ። ዛሬ ኢኳዶር በምትባለው አገር፣ ፓምባማርካ በሚባል ተራራ ላይ ሳሉ ፀሐይ ከኋላቸው ወጣች፤ ከፊታቸው ባለው ደመናም ላይ ብርሃኑን አዩ። እነርሱ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ተጠያየቁ። እያንዳንዱ አክሊሉን በራሱ ጥላ ላይ ብቻ እንደሚያይ ያወቁት በዚህ ነው። ይህንንም እንዳዩት ጽፈው አቆዩልን።

ሦስተኛው በስኮትላንድ የተወለደው የገበሬ ልጅ ቻርልስ ዊልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894፣ የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ 1,345 ሜትር ከፍታ ባለው በቤን ኔቪስ ተራራ ጫፍ፣ የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሠራ። እዚያ ጉሙ ላይ ያየው ግሎሪ ልቡን ወሰደው። ከተራራው ሲወርድ ስለ ራሱ ታላቅነት አልሰበከም፤ ይህን ውበት በቤተ ሙከራ ልሥራው ብሎ ጉም የሚፈጠርበት መሣሪያ ማበጀት ጀመረ። መሣሪያው ከዓመታት ልፋት በኋላ ማንም ዓይን የማያያቸው ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች የሚሄዱበትን ዱካ ለማሳየት በቃ። ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ያ ሁሉ የተጀመረው በመደነቅ ነው፤ ወደ ፍሬ ያደረሰው ግን የብዙ ዓመት ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ሁሉም ያዩት ገዛ ጥላቸውን የከበበ ብርሃን ነው። አንዱ በራሱ ተደነቀ፤ ሁለቱ ተጠያየቁ፤ አንዱ ወደ ሥራ ሄደ።

ወጣቱ ከመልሴ የተረፈው ነገር እንዲኖር ፈልጌ ሁለት ታሪኮችን አስታወስሁት። አንደኛው ኖኅ ነው። በዘፍጥረት 9 ላይ ቀስቱ የተሰጠው ለኖኅ ብቻ አይደለም፤ ለልጆቹ፣ ለዘሩ፣ ከመርከብ ለወጡት እንስሳት ጭምር ነው። ለሁሉ በመሰጠቱ ምልክትነቱ አላነሰም። እንዲያውም ኪዳን ያሰኘው ይህ ነው። ስለዚህ ዘማሪዋም ማየቷ የአንተን ብርሃን አላጠፋውም አልሁት። ያጠፋው አንድ ነገር ቢኖር «ለእኔ ብቻ» የሚለውን ነው፤ እርሱም ቢጠፋ ይሻላል።

ሁለተኛው ሙሴ ነው። ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር፤ እርሱ ግን አላወቀም። ያዩት አሮንና ሕዝቡ ናቸው። ይህን ከግሎሪ ጋር አስተያዩት። የግሎሪን ብርሃን በእኛ ላይ የምናየው እኛው ነን፤ የሙሴን ፊት ብርሃን ግን ከእርሱ በቀር ሁሉም አይቶታል። አንድ ሰው ለአገልግሎት መጠራቱን ለማወቅ ጥላውን ከሚመረምር፣ አብረውት የሚኖሩት በፊቱ ላይ ምን እንደሚያዩ ቢጠይቅ ይሻለዋል። እናት አለች፤ ሽማግሌዎች አሉ፤ ድካሙንም ስጦታውንም የሚያውቁ ጓደኞች አሉ።

ወጣቱ በዚያ ምሽት አልወሰነም። ከእናቱ ጋር ተነጋገረ፤ ሽማግሌዎችንም አማከረ። የደረሰበት ውሳኔ የእርሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። የምጽፈው ይህን ነው፦ ዘማሪዋን ጠይቆ በተመለሰ ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት ትካዜ ከተማ እስክንገባ አልቆየም። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ተጠግተው ስለ ቀለበቱ ቀለም እየተከራከሩ ነበር፤ እርሱ ቀዩ ውጭ ነው ይላል፣ እርሷ ደግሞ ሁለተኛ ቀለበት ነበረ ትላለች።

እናንተ ለማየት ጣርማ በር ድረስ መሄድ የለባችሁም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ጤዛ ያዘለ ሣር ወዳለበት ሜዳ ውጡ። ፀሐይን ራሷን አትመልከቱ፤ ጀርባችሁን ስጧት። ጥላችሁ ረዘም ብሎ ሣሩ ላይ ሲወድቅ የጭንቅላቱን ዙሪያ ተመልከቱ፤ ቀስ ብላችሁም ተራመዱ። ነጩ ብርሃን አብሯችሁ ሲሄድ ታያላችሁ።

ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ካያችሁም በኋላ አጠገባችሁ ላለው፣ «አንተስ በማን ላይ አየኸው?» በሉት።